«ተፈታ» አልከኝ፤ ማን ፈታው?

የሥራና የትምህርት ጥያቄዎቻችሁ፣ ከነመልሳቸው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 29 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። በዲቪ አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ኤም.ቢ.ኤ. (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ) ጀመርኩ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሐበሻ ተማሪ እኔ ብቻ ነኝ። 150 ዶላር ከፍዬ የኮንሰልቲንግ ክለብ የሚባለው ውስጥ ገባሁ፤ ድርጅቶችን የማማከር ሥራ የሚፈልጉ ተማሪዎች የሚለማመዱበት ነው። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ባለፈው ሳምንት ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር ኬዝ ተለማመድን፤ ኬዝ ማለት ለቅጥር ፈተና የሚሰጥህ የአንድ ድርጅት ችግር ነው። ስንጨርስ «ጎበዝ ነህ፣ ግን ዝም ስትል ምን እያሰብክ እንደሆነ አላውቅም» አለችኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ክለቡ ዘንድ አልደረስኩም። ሁለተኛ ዓመቶቹ «ጻፉልን፣ ቡና እንጠጣ» ይላሉ፤ እኔ ግን ሰው ማስቸገር መስሎ ይታየኛል። ቤቴ ቁጭ ብዬ ቪዲዮ እያየሁ ብቻዬን ብለማመድስ? ደግሞ «ስለሠራኸው ሥራ ተናገር» ሲሉኝ የምለው ይጠፋኛል። ባንክ ሳለሁ የቅርንጫፋችን የወረፋ ችግር ተፈትቷል፣ ደንበኛ የሚጠብቅበት ሰዓትም ቀንሷል። ይህ ይወራል?

ት.፣ ከኢንዲያና

መልስ

ወንድሜ ት.፣ ደብዳቤህን ሳነብ ሳቅኩ። በአንተ አይደለም፤ በራሴ ነው።

እኔ የክለብ ተማሪ የሆንኩት በ2010 ነው (ዓመቱንም ወሩንም እንደ ፈረንጆቹ እየጻፍኩ ነው)። የመጀመሪያ ልምምዴን የሰጠኝ አንድ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። የሆስፒታል አልጋ የሚሠራ ፋብሪካ ትርፉ ቀንሷል፣ ለምን? አለኝ። እኔ ወረቀቴን አዙሬ መጻፍ ጀመርኩ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። አራት ደቂቃ ያህል ትንፍሽ አላልኩም። በመጨረሻ ልጁ አንገቱን ቀልሶ «ደህና ነሽ?» አለኝ። የታመምኩ መስሎት ነበር።

አባቴ ያሳደገን «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለ ነው። ትልቅ ሰው ሲጠይቅህ አስበህ፣ አጣርተህ፣ መልሱን ብቻ ትናገራለህ። ክፍል ውስጥም እንደዚያ ነበርን፤ መምህሩ የሚያየው መልሱን ነው። የኬዝ ኢንተርቪው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጠያቂህ የፋብሪካውን መልስ ያውቀዋል፤ ፊቱ ካለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የማያውቀው አንተ በየት በኩል እንደምትሄድ ነው። ነገ ደንበኛ ፊት ሲያስቀምጥህ፣ ያልጠበቅከው ጥያቄ ሲመጣ፣ ጮክ ብለህ ማሰብ ትችላለህ ወይ? ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው። ዝም ካልክ የሚያርመው ነገር የለውም፣ ዜሮ ይሰጥሃል። ሒሳብ ልትሠራ ስትል «ግማሽ ደቂቃ ስጠኝ» ብለህ ዝም ማለት ግን ይቻላል። አስታውቀህ ዝም ማለትና እንዲሁ መጥፋት ይለያያሉ።

እንግዲህ ቪዲዮው። ቪዲዮ «ዝም ትላለህ» ብሎህ ያውቃል? ያቺ ልጅ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችህ። የክለቡን መዋጮ ያወጣኸው ለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። አንተ ደግሞ ዕቃውን ተረክበህ ሸሸህ።

ብዙ ሰው ክለብ የሚገባው ለኬዝ መጽሐፉ ነው። የትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ክለቦች በየዓመቱ ያሳትሙታል፣ ከእጅ ወደ እጅም ይዞራል። አትናቀው፣ ግን አታምልከው። የድሮዎቹን ኬዞች ሁሉም ሰው በቃሉ ይዟቸዋል። የክለቡ ሀብት ሁለተኛ ዓመቶቹ ናቸው። ባለፈው ጥር ኢንተርቪው ተቀምጠዋል፣ ክረምቱን አሥር ሳምንት ያህል እዚያው ድርጅት ውስጥ ሠርተዋል፣ አንዳንዶቹ የቅጥር ደብዳቤ ኪሳቸው ውስጥ አለ። ቁስሉ ገና አልደረቀም፣ ትዝታው ትኩስ ነው። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ከየት ታመጣለህ?

«ማስቸገር» ያልከውን ልመልስልህ። ዕቁብ ታውቃለህ። ክለቡ ዕቁብ ነው። ዘንድሮ ዕጣው የወጣው ለአንተ ነው፣ የምትከፍለው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ያ «ጻፉልን» የሚልህ ልጅ አምና የሌላ ሰው ሠላሳ ሰዓት በልቷል፤ አሁን ዕዳውን እየከፈለ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው «ላስቸግራችሁ አልፈልግም» ብሎ ገንዘቡን ሲተው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ የክለቡ የልምምድ ኃላፊ ነበርኩ። የሚጽፉልኝ ተማሪዎች አላስቸገሩኝም። ያሳዘኑኝ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ኢንተርቪው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ፊታቸው ገርጥቶ የሚመጡት ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ እንደ እኛ ይሉኝታ ካለበት አገር የመጡ ነበሩ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለሦስት ሁለተኛ ዓመቶች ጻፍ። አምስት መስመር ይበቃል። ማን እንደሆንክ፣ ባንክ እንደሠራህ፣ ሃያ ደቂቃ እንደምትፈልግ፣ ሁለት የሚመችህን ቀን፣ አመሰግናለሁ። የሕይወት ታሪክህን አትተርክ። አንዱ ካልመለሰ ከሳምንት በኋላ አስታውሰው። ረስቶ ነው እንጂ ንቆህ አይደለም።

ጊዜው ግን ይሮጣል። ለክረምት ኢንተርንሺፕ (የተማሪ ጊዜያዊ ሥራ) አማካሪ ድርጅቶቹ መስከረምና ጥቅምት ላይ እየመጡ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ፣ ማመልከቻው ዓመቱ ሳያልቅ ይገባል፣ ኢንተርቪው በፈረንጆቹ ጥር ነው። የእኛ ገና ሰሞን ማለት ነው። በነገራችን ላይ የድርጅቶቹ እራት የነቢያት ጾም ውስጥ ከገባብህ አትሸማቀቅ። እኔ አንድ እራት ላይ ሁሉም ሥጋ ሲቆርጥ ሰላጣ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት የድርጅቱ ባለድርሻ «ለምን?» ብለው ጠየቁኝ፤ ስለ ጾም አውርተን እራቱ አለቀ። ከዚያ ምሽት ስሜን ያስታወሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እኔ 43 ኬዝ ሠርቻለሁ፣ ደብተሩ አሁንም አለ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ያሳፍራሉ። ከሃያ በኋላ እጄ ተፍታታ። የቁጥር ውድድር ውስጥ አትግባ፤ በቀን ከሁለት በላይ ከሠራህ ሦስተኛው ላይ የምትማረው ድካም ነው። ለሌላ ሰው ጠያቂ ሆነህም ተቀመጥ። ሰው ፊትህ ሲንተባተብ ስታይ የራስህ ጥፋት ይታይሃል።

ጮክ ብሎ ማሰብ ማለት ምን እንደሆነ በእኛው ነገር ላሳይህ። ጥያቄው፦ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በቀን ስንት እንጀራ ይሸጣል? ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ እየገመትክ ትናገራለህ። «የሐበሻው ቁጥር ራሱ ያከራክራል፤ 200,000 ብዬ ልነሣ። በአንድ ቤት አራት ሰው ቢኖር 50,000 ቤት። ግማሹ ራሱ ይጋግራል ወይም እምብዛም አይበላም ልበል፤ 25,000 ቤት ይገዛል። በሳምንት ሁለት ፓኬት፣ በፓኬት አሥር፤ በሳምንት 500,000 እንጀራ፣ በቀን ወደ 70,000። ምግብ ቤቶቹን አልረሳሁም፤ መቶ ቢሆኑና እያንዳንዱ 200 ቢያወጣ 20,000 ይጨመራል። ወደ 90,000 መጣ።» እዚህ አታቁም። «አንድ መጋገሪያ በቀን 6,000 ቢያወጣ 15 መጋገሪያ ያስፈልጋል። ሊሆን ይችላል? ምናልባት ቤት የሚጋግረውን አሳንሼዋለሁ።» አየህ? ግምቱ ትክክል ይሁን አይሁን ጠያቂህ ግድ የለውም። የት ልትሳሳት እንደምትችል ራስህ ማመልከትህ ነው ነጥብ የሚያሰጥህ።

ከዚያ ሊያጠብቅብህ ይችላል። «ደንበኛህ የእንጀራ መጋገሪያ ነው፣ ትርፉ ቀንሷል» ይልሃል። ጤፉ ከየት ነው? አይዳሆ ይበቅላል። ከአገር ቤት ጥሬ ጤፍ እንዳይላክ በ2006 ሲከለከል እንጀራ አልተከለከለም፤ በአውሮፕላን ተጭኖ የሚመጣው ተፎካካሪ ነው ወይስ አይደለም? ይህን ጥያቄ ከክፍልህ ልጆች ቀድመህ የምታነሣው አንተ ነህ።

ክለቡ ውስጥ «ሚሲ» የሚል ቃል ሰምተህ ይሆናል። ማኪንዚ የሚባለው ትልቅ አማካሪ ድርጅት በ1963 የቀጠራት የመጀመሪያዋ ሴት ኤም.ቢ.ኤ. ባርባራ ሚንቶ ያወጣችው ስም ነው። ሐሳብህን ስትከፋፍል አንዱ በሌላው ላይ አይደረብ፣ የሚቀርም አይኑር ማለት ነው። የሱቅህን ዕቃ «ሽሮ፣ በርበሬ፣ ባልትና» ብለህ ብትከፍል ተደራረበ፤ ሽሮም በርበሬም ባልትና ናቸውና። «ሽሮና በርበሬ» ብለህ ብታቆም ደግሞ ኮረሪማው ሜዳ ላይ ቀረ። በቃ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እንዲህ ብለህ ጻፍክልኝ፦ «የወረፋ ችግር ተፈትቷል፣ ሰዓትም ቀንሷል።»

ማን ፈታው?

ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አየሁት፣ አንተ ውስጡ የለህም። ችግሩ ራሱን ፈታ፣ ሰዓቱም በራሱ ጊዜ ቀነሰ። ቋንቋችን ለዚህ ይመቻል። ተፈታ፣ ተሠራ፣ ተስተካከለ እያልን ሠሪውን እንሰውረዋለን። ጨዋነት ነው፤ «እኔ እኔ» የሚል ሰው አንወድም። ብናመሰግን እንኳ ለአለቃና ለእግዚአብሔር ነው። እንግሊዝኛ ስትናገርም ይህን ጠባይ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ «እኛ» ትላለህ፣ ጠያቂው «አንተስ?» ይላል፣ አንተ እንደገና «እኛ» ትላለህ። ማኪንዚ አንዲት ታሪክ ብቻ ይዞ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያም በላይ ይቆፍርሃል። ምን አልከው? እሱስ ምን አለህ? ለምን እንደዚያ አልክ? ሌሎቹም በየመንገዳቸው ይጠይቃሉ።

መድኃኒቱ እንግሊዝኛ አይደለም። ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ ለአንድ ጓደኛህ በስልክ ንገረው፤ አንተ ያደረግከውን ስትናገር በ«ኩ» ወይም በ«ሁ» የሚያልቅ ግስ ብቻ ተጠቀም። ወረፋውን ቆጠርኩ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እንደሚብስ አየሁ። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩ። እምቢ አሉኝ። ደግሜ ሄድኩ። ይህ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ያንተ እውነት ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እምቢ ያሉህን ቦታ አትዝለለው፣ የታሪኩ ጨው እሱ ነው። ስንት ደቂቃ እንደቀነሰ ለክተህ ከሆነ ተናገር፤ ካልለካህ ቁጥር አትፍጠር፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያጋልጥሃል። የባልደረቦችህን ድርሻም አትብላ። የእነሱን ለእነሱ ሰጥተህ የራስህን ውሰድ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መስከረም ላይ ክለቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ኮንሰልታንት መሆን ይፈልጋል፤ ግማሹ ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ ጎረቤቱ ስለሮጠ ነው የሮጠው። በ2023 ገበያው ሲቀዘቅዝ ትልልቆቹ ድርጅቶች የቀጠሯቸውን ተማሪዎች ሥራ መጀመሪያ ቀን በወራት ገፍተውባቸዋል። ባንክ የሠራ ሰው ብዙ በር አለው። ሌላም ቦታ አመልክት።

ያቺን ልጅ ደግሞ ዛሬ አመስግናት። ሁለተኛ ኬዝ እንድትሰጥህም ጠይቃት።

ጥያቄ

እትዬ፣ እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። ከጓደኞቼ ጋር የኮንሰልቲንግ ክለብ ማቋቋም አስበናል። ስፖንሰርም፣ ከእኛ በፊት እዚህ ሥራ ውስጥ የገባ ተማሪም፣ መጽሐፍም የለንም። ከምን እንጀምር?

ሰ.፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ

ሰ.ዬ፣ ከስምንት ሰውና ከአንድ ቅዳሜ ጀምሪ። ማኅተም፣ አርማ፣ ፕሬዚዳንት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ቲሸርት... እነዚህ ሁሉ ይቆዩ። አገራችን ውስጥ በምርጫ የሞተ ክለብ ብዙ ነው።

መጽሐፍ የለንም አልሽ። እናንተ እኮ ኬዙ ውስጥ ነው የምትኖሩት። በ2021 ሳፋሪኮም የሚመራው አንድ ጥምረት የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2022 መጸው ላይ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎት ጀመረ። ፊቱ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ብቻውን የኖረ መንግሥታዊ ድርጅት ነበር። እናንተ ብትሆኑ ትገቡ ነበር? በየት ከተማ ትጀምሩ ነበር? ቴሌብር ቀድሞ ገበያውን ይዞ ሳለ ኤም-ፔሳን እንዴት ታስገቡ ነበር? ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ያከራክራችኋል። ሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ሱቅ ምን ማድረግ ነበረበት? ይኸው ሌላ ኬዝ።

ከዚያ ከግቢ ውጡ። አንድ ካፌ ምረጡ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ጠዋት ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ስንት ማኪያቶ እንደሚወጣ፣ ስንት ሰው ወንበር አጥቶ እንደሚመለስ ቁጠሩ። ሦስት ገጽ ጽፋችሁ ለባለቤቱ አቅርቡ። ባለቤቱ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ካለ ወድቃችኋል፣ ድገሙት። የምትናገሩትን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተለማመዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደንበኛው ሁለቱንም ይፈልጋል።

ሥራው ሩቅ አይደለም። ማኪንዚ እንኳ እዚያው ከተማችሁ ቢሮ አለው፤ የአገር ውስጥ አማካሪ ድርጅቶችም አሉ። አንድ ሠራተኛ ፈልጋችሁ «ንግግር ያድርጉልን» አትበሉ፤ የሥራ ሰው ንግግር ማዘጋጀት ይታክተዋል። «ስናቀርብ ተቀምጠው ይተቹን» በሉ፤ መተቸት የማይወድ የለም።

ጥያቄ

ልጄ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ወንዱ ልጄ ኢንጂነር ነበር፤ ጥሩ ሥራውን ትቶ ቢዝነስ ስኩል ገባ። ስደውልለት «እማዬ ኬዝ ላይ ነኝ» ይለኛል። ማታም ኬዝ፣ እሑድም ኬዝ። የወረቀት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ኬዝ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ስለት ሁሉ ተሳልኩ። ለካ ኮንሰልቲንግ ለሚባል ሥራ ነው። የእድር ሰዎች ምንድን ነው ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ያኖራል?

እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ

እማማ፣ ወረቀቱ ሰላም ነው፣ ስለቱን ግን ያግቡ።

ሥራው ማማከር ነው። ትልልቅ ድርጅት ሲታመም፣ ወይም ልስፋፋ ሲል፣ ከውጭ ሰው ቀጥሮ ያስመረምራል። አዲስ ነገር አይደለም፤ ማኪንዚ የሚባለው ቺካጎ ላይ የተቋቋመው በ1926 ነው፣ ጃንሆይ ንጉሠ ነገሥት ሳይባሉ። የእድር ሰዎች ከጠየቁዎት «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ያስታውሷቸው። አማካሪ የሚቀጥሩት ድርጅቶች መከራ ከሚመክራቸው ከፍለው መመከሩን መርጠዋል።

ያኖራል ወይ ላሉት፣ ትልልቆቹ አማካሪ ድርጅቶች በ2023 ለአዲስ ኤም.ቢ.ኤ. ምሩቅ በዓመት ወደ 190,000 ዶላር መነሻ ይከፍሉ ነበር። ይህችን ለእድሩ አይንገሩ። በዚያው ልክ ያለፋል፤ ሰኞ ሻንጣ ይዞ ወጥቶ ሐሙስ ማታ የሚመለስበት ሳምንት ብዙ ነው።

ኬዝ የሚለው ለፈተናው ልምምድ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ እርስዎም ይፈትኑት። «የእድራችን ገንዘብ ከአምና ቀንሷል፣ ለምን ይመስልሃል?» ይበሉት። አባል ቀነሰ? መዋጮ የማይከፍል በዛ? ወይስ ለቅሶው በዛ? እሱ ሲናገር አያቋርጡት፤ ያልገባዎት ቦታ ላይ ግን ልጄ ነው ብለው እንዳያልፉት፣ «አልገባኝም፣ እንደገና በለው» ይበሉ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ቡናውን ከዚያ በኋላ ያፍሉለት።